የልጃገረዶች ተመላላሽ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማስተምረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በአንድ የግል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ለምዝገባ የሚመጡ እናቶችና አባቶች፣ አንዳንዴም አክስትና ታላቅ ወንድም፣ የሚጠይቁን ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። መልሱን ቆመን በአምስት ደቂቃ ስለምንሰጥ ግማሹ ይቀራል። እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓላማዬ አንድን ትምህርት ቤት ማስተዋወቅ ስላልሆነ የራሳችንን ስም አልጠራሁም።

የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከሌላው የግል ትምህርት ቤት በምን ይለያል?

ተማሪዎቹ ሴቶች ብቻ በመሆናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ፣ መጽሐፉ፣ ፈተናው፣ የፈቃድና የእድሳት ደንቡ ሌላው ትምህርት ቤት የሚከተለው ነው። ተመላላሽ ስለሆነ ማደሪያ የለውም፤ ልጆቹ ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ሴቶች ለብቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት አዲስ ነገር ነው? ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም?

አዲስ አይደለም። በአገራችን የሴቶች ዘመናዊ ትምህርት የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የወንድ ልጆች ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል ብትቆጥር እንኳ ቤት ውስጥ፣ ከየኔታ ወይም ከሚስዮናውያን ዘንድ ነበር። በዚሁ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1931 እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ከአምባሰል የተነሡት እቴጌ የመኳንንቱን ሴቶች ልጆች ከጓዳ አውጥተው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ማስቀመጣቸው በዚያ ዘመን ቀላል ውሳኔ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ ወደ ፈረንሳይኛ ያደላ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ገባና ትምህርት ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላ እንደገና ሲከፈት ወደ እንግሊዝኛ ዞረ።

ከዚያ ትምህርት ቤት ታሪክ ተማሪዎቼ እንዲያውቋት የምፈልጋት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነው። የተወለደችው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ ነው። አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ስዊዘርላንድ ተምራ ተመለሰች፤ በወረራው ጊዜ ተይዛ ጣሊያን ውስጥ አዚናራ ደሴት ላይ ታሰረች። ከድሉ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆና መራችው፤ ለተማሪዎቿም ተውኔት እየጻፈች ታሠራቸው ነበር። በፈረንጆቹ 1957 ደግሞ ለፓርላማ ተወዳድራ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እኛ ዘንድ ሰባተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ይህንን ሲሰሙ ከሁሉ የሚገርማቸው እስሩ ወይም ፓርላማው አይደለም፤ ዳይሬክተር ሆና ቁጭ ብላ ለልጆች ድራማ መጻፏ ነው። ትክክል ናቸው። ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድትናገር ማድረግ ያን ጊዜም ትልቅ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ትልቅ ሥራ ነው።

ታዲያ እነዚያ ትምህርት ቤቶች የት ደረሱ?

በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛወሩ። የነገሥታትና የመሳፍንት ስም ተነሣ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12 ተባለ፣ ወንዶችም ገቡበት። ስሙ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለፈጀው ሕዝብ መታሰቢያ ነው፤ ሐውልቱም እዚያው ስድስት ኪሎ ቆሟል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ግቢውን በእቴጌ መነን ስም የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አድርጎታል።

ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያልቆጠሩ እጅግ ብዙ እናቶችን ማንበብና መጻፍ አስተምሯል። ከተማሪዎቻችን አያቶች መካከል ስማቸውን መጻፍ የለመዱት ያኔ ማታ ማታ በቀበሌ የሆኑ አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ሪፖርት ካርድ ሲፈርሙ እጃቸው ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን ፊደል ለይተው ነው የሚጽፉት።

የካቶሊክ ደናግል የሚያስተዳድሯቸው እንደ ናዝሬት ያሉ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ባህላቸውን ይዘው ቆይተዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብት በር ሲከፍት ከተማው በግል ትምህርት ቤት ተሞላ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድና ሴት አንድ ላይ የሚያስተምሩ ናቸው። የሴት ብቻ የሆኑት ዛሬም ጥቂት ናቸው።

ለምን ዳርቻ ላይ? መሀል ከተማ አይሻልም ነበር?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቦታ ነው፤ መሀል ከተማ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ያለው ግቢ በኪራይ ማግኘት የማይታሰብ ሆኗል። ሁለተኛውና ዋናው ሰዉ ራሱ ወደ ዳር መውጣቱ ነው። ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከልደታ የተነሣ ሕዝብ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያለው። ቤቱ ሲሰጥ ትምህርት ቤቱ አብሮ አልተሠራም፤ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ከወጣም በኋላ ልጆቹን እዚያው መሀል ከተማ እያመላለሰ ኖሯል።

በዚህ መሀል ይበልጥ የተጎዱት ሴቶች ልጆች ናቸው። ወንድ ልጅ ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ታክሲ ሊሳፈር ሲወጣ ቤተሰብ ይጨነቃል፤ ሴት ልጅ ስትወጣ ግን አባት አብሯት ይወጣል፣ አባት ካልቻለ ወንድም፣ ሁለቱም ካልቻሉ «ዘንድሮ ቅርብ ያለው ይበቃታል» ይባላል። ሴት ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት አግኝታ በመንገድ ምክንያት ስትለቅ ማየት ያሳምማል። ትምህርት ቤቱ ቤቷ ወዳለበት መምጣት ነበረበት።

ለብቻቸው መማራቸው ውጤታቸውን ከፍ ያደርገዋል?

በርግጠኝነት «አዎ» የሚልዎት ሰው ካለ ጥንቃቄ ያድርጉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 የታተመ፣ ከ21 አገሮች 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን የሚሸፍኑ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አለ። የተማሪዎቹ አመጣጥ በደንብ ሲነጻጸር፣ ለብቻ በመማርና አብሮ በመማር መካከል የታየው የውጤት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሴቶች ትምህርት ቤቶች ውጤት አምሮ የሚታየው ብዙ ጊዜ ወላጆቻቸው ቀድሞውኑ ለትምህርት የሚተጉ ልጆች ስለሚገቡባቸው ነው። ይህን ለወላጅ መደበቅ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ለምን አስተምራለሁ? ክፍል ውስጥ የማየው ነገር ስላለ ነው። ቀደም ሲል ወንድና ሴት አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ለአምስት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ሲደርስ፣ የሚያስተካክለው ወንዱ ነበር፤ ሴቶቹ የታየውን ደብተር ላይ ይሥላሉ። አሳሳላቸው ያምራል፣ ማርክም ያገኛሉ፣ ግን የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ አዙረው አያውቁም። ማንም አልከለከላቸውም። ልማድ ነው። ሴቶች ብቻ ባሉበት ክፍል የሽንኩርቱን ስስ ልባስ በምላጭ የምታነሣው፣ ስላይድ ላይ የምታነጥፈው፣ አዮዲን የምታንጠባጥበው፣ ሌንሱን አጥርታ «ኑ እዩ» የምትለውም ሴት ልጅ ናት። ሌላ አማራጭ የለም። የተሰባበረውን ስላይድ የምትጠርገውም እሷ ናት። ይህን ለውጥ የፈተና ውጤት ላይ ላያዩት ይችላሉ፤ ልጅዎ ቤት ውስጥ የተበላሸ ሶኬት ፈትቼ ካላየሁ ስትል ግን ያዩታል። በሶኬቱ ጉዳይ እንዳይፈቅዱላት፤ በጥያቄዋ ግን ደስ ይበልዎት።

ወንድ ሳትለምድ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አትደናገጥም?

ተመላላሽ ናት እኮ። ወንድም አላት፣ የጎረቤት ልጅ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ትሄዳለች፣ ታክሲ ትሳፈራለች። ከወንድ ተለይታ የምትውለው በትምህርት ሰዓት ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ክፍል ውስጥ የለመደችውን የመናገር ነፃነት ወንዶች ባሉበት መድረክ ይዛው ትሄዳለች ወይ የሚለው። ለዚህ ነው ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር የጥያቄና መልስ፣ የክርክርና የስፖርት ውድድር ማድረግ የግድ የሚሆነው። ውድድር የማያደርግ፣ በሩን ዘግቶ የሚኖር የሴቶች ትምህርት ቤት ካዩ ልጅዎን አያስገቡ።

አንድ የትምህርት ቀን ምን ይመስላል?

በር የሚከፈተው አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰልፉ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይጀመራል። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ሚኒ ሚዲያዎች ማይክ ይይዛሉ። ዜና፣ የቀኑ አባባል፣ የልደት መልካም ምኞት፣ አልፎ አልፎ ግጥም ይቀርባል። ሰልፉን የሚመሩት ተማሪዎቹ በየተራ ናቸው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ መጀመሪያ ማይክ ስትይዝ ወረቀቷ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅዋ አፍንጫዋ ላይ ይቀራል። ከፊት የተሰለፉት ትንንሾቹ ዝም ብለው ይጠብቋታል፤ መሳቅ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ። በሁለተኛው ሴሚስተር ያቺው ልጅ ማይኩን አልለቅ ትላለች።

እስከ ምሳ አራት ክፍለ ጊዜ አለ፣ መሀሉ ላይ አጭር ዕረፍት። ምሳ ከቤት በምሳ ዕቃ ይመጣል። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር አለ፤ የግሎቹ ግን በወላጅ ምሳ ዕቃ ነው የምንኖረው። ፓስታ፣ ሩዝ በካሮት፣ ፍርፍር፣ የጾም ጊዜ ሽሮ። ትንንሾቹ ክዳኑ ስለሚያስቸግራቸው ትልልቆቹ ይከፍቱላቸዋል፤ እያንዳንዷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ምሳ ሰዓት ላይ የምትጠብቃቸው ሁለት ሦስት ታናናሾች አሏት። ምሳ ሳትይዝ የመጣች ልጅ ካለች መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ለመምህር ሹክ ይላሉ። ከዚያ እኛ ሳናሳፍራት ምሳ እንፈልግላታለን።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ጊዜ ይቀራል። ረቡዕ የክበባት ቀን ነው፦ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ስፖርት። ስፖርትን ከሌላው ለየት አድርጌ ላንሣው። እኛ ያለንበት አቅጣጫ የለገጣፎና የሰንዳፋ መንገድ አትሌቶች ጠዋት ጠዋት የሚለማመዱበት ነው። ልጆቹ በሰርቪስ ሲመጡ ሴት ሯጮችን በመስኮት ያያሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት እንደሆነች ሁሉም ያውቃሉ። ሆኖም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ «ሆዴን አመመኝ» እያሉ ከሜዳ ጥግ የሚቀመጡት ይበዛሉ፤ ሰው እንዳያያቸው ነው። አጥሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቱታ ለብሰው፣ ማንም ሳያፏጭባቸው፣ ሜዳውን ሙሉ ይሮጡበታል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወል ይደወላል። ማጠናከሪያ ያላቸው እስከ አሥር ተኩል ይቆያሉ።

አዳሪ ቢሆን አይሻልም?

ለአንዳንድ ልጅ ይሻላል። ቤቷ በጣም ሩቅ ለሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሰላም ለሌላት ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት መዳኛ ነው። ለሌላዋ ግን ማታ ከእናቷ ጋር ማደሯን የሚተካ ነገር የለም።

ሆኖም የተመላላሽ ትምህርት ቤት ትልቁ ፈተና ያለው ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ነው። ወላጆችን ስለ ጥናት ስጠይቃቸው «ጊዜ አላት፣ አጥኚ እንላታለን» ይላሉ። ልጅቷን ለብቻዋ ስጠይቃት የምትነግረኝ ሌላ ነው። ቤት አሥር ሰዓት ትደርሳለች። ዩኒፎርሟን ታወልቅና ውኃ መጥቶ ከሆነ ጀሪካን ትሞላለች፤ በእኛ አካባቢ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሲመጣ ካልተቀዳ ያልፋል። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ታናሿን ከመዋዕለ ሕፃናት ታመጣለች፣ ቡና ከተፈላ ትቆላለች፣ ስኒ ታጥባለች። እራት ተበልቶ ዕቃ ሲታጠብ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ወንድሟ በዚህ ጊዜ ሁሉ ወይ እያጠና ወይ ኳስ እያየ ነው። ደብተሯን ስትከፍት ደክሟታል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ አለቀ።

ሥራ አትሥራ አልልም። ቤት ውስጥ የማትሠራ ልጅ የለችም፤ መሥራቱም ያሳድጋታል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ማንም የማይጠራት ሁለት ሰዓት ይስጧት። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» የማይባልባት ሁለት ሰዓት። ወንድምየውም ስኒ ይጠብ። ይህን ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ፤ የልጆቻቸው የቤት ሥራ ደብተር ራሱ ይናገራል። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ብቻ መሆኑ ከዚህ ሁለት ሰዓት የበለጠ ይጠቅማታል ብዬ አላምንም።

ስለ ወር አበባ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚጠይቁት ጥቂት እናቶች ናቸው፤ አባቶች ደግሞ በጭራሽ። ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፤ ሚስቱ ውጭ አገር ሆና ብቻውን ሴት ልጅ የሚያሳድግ አባት በአካባቢያችን ብዙ ነውና።

የእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ መምህርት ቁምሳጥን ውስጥ ሞዴስ አለ። ልጅቷ ፈቃድ አትጠይቅም፣ ስም አታስመዘግብም፤ ወስዳ ትሄዳለች። መጸዳጃ ቤቶቹ ከውስጥ መቀርቀሪያ አላቸው፤ ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲም አለ። ውኃ የሚጠፋባቸው ቀናት ስላሉ ሮቶው እንዳይጎድል አንድ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች። ትርፍ ቀሚስና ሹራብ ቢሮ ይቀመጣል። ልብሷ የተበላሸባት ልጅ ቀይራ ወደ ክፍል ትመለሳለች እንጂ ወደ ቤት አትላክም። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ጀምረን እንሰጣለን፤ አምስተኛ ላይ የጀመራቸው ልጆች ስላሉ ስድስተኛን መጠበቅ ይዘገያል። በወር ሦስት አራት ቀን መቅረት በዓመት ሲደመር ከአንድ ወር በላይ ትምህርት ነው። ለዚህ መፍትሔው መቀርቀሪያ፣ ባልዲና ውኃ ከሆነ፣ የሌለው ትምህርት ቤት ምክንያት ሊያቀርብ አይገባም።

ወንድ መምህራን አሉ?

አሉ። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ በተለይ። ሁሉም የሥነ ምግባር ደንብ ፈርመው ይገባሉ፤ ከተማሪ ጋር በር ዘግቶ ብቻ ለብቻ መቀመጥ ለማንም፣ ለሴት መምህርትም፣ አይፈቀድም።

የምትቀበሉት የአንድ ሃይማኖት ልጆችን ነው?

አይደለም። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሒጃብ የምታደርግ ከዩኒፎርሙ ቀለም ጋር የሚሄድ ታደርጋለች። የጾመች ልጅ በስፖርት ሰዓት አትገደድም።

የማስተማሪያ ቋንቋው ምንድን ነው?

እንደ ከተማው ሥርዓት አማርኛ በታችኛው ክፍል፣ ከሰባተኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ነው። አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን ቀደም ብለው ያስገባሉ፤ አፋን ኦሮሞም ይሰጣል። በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት ብዙ ወላጆችን አያስደስትም፦ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ አንድ ገጽ አማርኛ አንብባ መረዳት ያቃታት ልጅ በእንግሊዝኛ የሸመደደችው ሳይንስ አብሯት አይቆይም። ልጅዎ እንግሊዝኛ መናገሯን ሲያዩ ይደሰቱ፤ ግን ማታ ማታ አማርኛ ጮክ ብላ ታንብብልዎት።

ቤታችን ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ብትማር ችግር አለው?

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ልጆች ከወሰኑ ማዶና ማዶ እየተመላለሱ ይማራሉ። ማወቅ ያለብዎት የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀው ትምህርት ቤቱ ባለበት ከተማ ወይም ክልል መሆኑን፣ የታችኛው ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋና መጽሐፍም እንደሚለያይ ነው። ስለዚህ የሚያዛውሯት ከሆነ አምስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል ላይ ያድርጉት፤ በፈተናው ዓመት መሀል አያድርጉት። መሸኛና የቀድሞ ዓመታት ውጤት ዋናውን ይዘው ይምጡ።

የትራንስፖርቱ ነገርስ?

ከሦስት ልጅ ሁለቷ እግረኛ ወይም የሰርቪስ ተጠቃሚ ናት፤ የቀሩት በታክሲ ይመጣሉ። ቀላል ባቡሩ አያት ድረስ ስለሚደርስ ከመገናኛ በኩል ለሚመጡ መምህራን ጠቅሟል፤ ከአያት ወዲህ ያለው ግን ሚኒባስና ሃይገር ነው። ሰርቪስ ከተዋዋሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ረዳት ሴት አለች ወይ፣ መኪናው ለስንት ሰው የተፈቀደ ነው፣ መጨረሻ የምትወርደው ልጅ ማን ናት። ሦስተኛው ይረሳል። መጨረሻ የምትወርደው ልጅ ከሹፌሩ ጋር ብቻዋን የምትሄድ ከሆነ መስመሩ እንዲቀየር ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

በእግር ለሚሄዱት፣ ገና መንገድ ያልወጣላቸው ግንባታዎች መካከል የሚያቋርጠው አቋራጭ ያስፈራኛል። ልጆቹ በሰፈር በሰፈር ተቧድነው እንዲሄዱ እናደርጋለን፤ ትልቋ ለቡድኑ ኃላፊ ናት። መንገድ ላይ የሚለክፍ፣ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ካለ ልጅዎ እንድትነግርዎ አስቀድመው በሩን ይክፈቱላት። ብዙዎቹ የሚደብቁት «ከዚህ በኋላ አትሄጂም» እንዳይባሉ ፈርተው ነው። ስትነግርዎ ቅጣቱ እሷ ላይ ካረፈ ሁለተኛ አትነግርዎትም። ለእኛም ይንገሩን፤ ለአካባቢው ፖሊስ ማመልከት ካስፈለገ አብረን እንሄዳለን።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደዚያ ከከበደ ለምን ይህን ሁሉ እንከፍላለን?

ድንጋጤው ይገባኛል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ፣ ከግማሽ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ያ ውጤት የአንድ ዓመት ጥፋት አልነበረም። ኩረጃው ሲቆም ከሥር ያልተጣለ መሠረት ነው የታየው።

ለተመላላሽ ሴት ልጆች ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ከሰፈሯ ወጥታ በማታውቀው ትልቅ ግቢ፣ በማታውቃቸው ፈታኞች ፊት መቀመጥ ራሱ ያስጨንቃል። ስለዚህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሙከራ ፈተና ከክፍሏ ውጭ፣ ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር ተቀላቅላ፣ በማታውቀው መምህር እንድትፈተን እናደርጋለን። ኩረጃን በተመለከተ ከሦስተኛ ክፍል ዲክቴሽን ጀምሮ አናልፍም። ሰባት ከአሥር በራሷ ያመጣች ልጅ ከጎረቤቷ አሥር ካመጣችው ትበልጥብኛለች፤ ይህን ለወላጅም በግልጽ እንናገራለን።

ክፍያው ስንት ነው? በየዓመቱ ይጨምራል?

ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ቁጥር አልጽፍም። ከወርኃዊ ክፍያው ሌላ መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርምና ሰርቪስ ስለሚኖር ድምሩን የዓመት አድርገው ያስሉት። ጭማሪ ሲኖር ወላጅ ተሰብስቦ ሊወያይበት ይገባል፤ የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ቁጥጥር ባለሥልጣንም የሚያየው ጉዳይ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ይምጡ። ግማሽ ወላጅ ባልተገኘበት የጸደቀ ጭማሪ ላይ ጥቅምት ላይ መጨቃጨቅ አድካሚ ነው።

ወንድና ሴት ልጅ ያላቸው፣ ለሁለቱም መክፈል የከበዳቸው ቤተሰቦች ሲመጡ ብዙ ጊዜ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የምትዛወረው ሴቷ ናት። ከመወሰንዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ ችግርዎን ይንገሩ። በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል፣ የእህትማማቾች ቅናሽ፣ ለጥቂት ልጆች ነፃ ዕድል ሊኖር ይችላል፤ ማመልከቻው ግን ሰኔ ላይ እንጂ መስከረም ላይ አይደለም።

ከመመዝገቤ በፊት ምን ልይ?

በሥራ ቀን፣ ዕረፍት ሰዓት ላይ ይምጡ። ቅዳሜ የሚታየው ግቢ ባዶ ነው፣ ምንም አይነግርዎትም። መጸዳጃ ቤቱን ይዩ፤ እናት ከሆኑ ገብተው መቀርቀሪያውን ይሞክሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ከሆነ ማን ጋር እንዳለ ይጠይቁ። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃው ላይ አቧራ ካለ ዕቃው ጌጥ ነው ማለት ነው። የዕድሳት ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ ከአንዲት ተማሪ ጋር፣ መምህር በሌለበት፣ ሁለት ደቂቃ ያውሩ። ምን እንደምትማር ሳይሆን ያልገባት ነገር ሲኖር ማንን እንደምትጠይቅ ይጠይቋት።

ለምዝገባ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ካርድ፣ መሸኛ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍና የወላጅ መታወቂያ ኮፒ ያስፈልጋል። ልጅቷንም ይዘዋት ይምጡ፤ ግቢውን ዞራ ታየውና የምትለውን አብረን እንሰማታለን።